ያልታጠበው ካርቶን

ካርቶኑ ቤት ሳይገባ ሽታው ቀድሞ ገባ። ፖስተኛው ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ እጁን እስከ ጫፍ ዘርግቶ አቀበላቸውና እስኪፈርሙለት ድረስ ትንፋሹን ይዞ ቆየ። ልብስ ሰፊዋ እናት ክዳኑን ስትከፍት፣ ከሩቅ ከተማ ያስመጣችው ነጭ ሐር ቡኒ ውሃ ጠጥቶ የወለል መወልወያ መስሎ ተኝቷል። አንዱ የማይረባ ሰው ዓሣ በፖስታ ልኮ ኖሯል፤ ዓሣው መንገድ ላይ በስብሶ ፈሶ፣ ጦሱ ለሐሩ ተረፈ። ሁለት ቅርፊት ጨርቁ ላይ እንደ ቁልፍ ተለጥፈው ያብለጨልጫሉ።

ልጇ አፍንጫዋን በሹራቧ ያዘች። ምላሷ ሰው ስለሚቧጥጥ ሰፈሩ ቆንጥር ይላታል።

ሐሩ ለሙሽራ ቀሚስ ነበር፤ ሰርጉ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሙሽራዋ ጠዋት መጥታ፣ ቀሚሱ ካልደረሰ ሌላ ሰፊ ጋ እንደምትሄድ፣ ለምን እንደሄደችም ላገር ለምድሩ እንደምትናገር አስጠንቅቃለች። ደግነቱ ዕቃው ኢንሹራንስ ተገብቶለታል። ካሳው ቶሎ ከወጣ ሌላ ሐር ይገዛል፣ የእናትም ስም ይተርፋል።

እናት ግን ቆሻሻ ሰው ፊት የምታቀርብ ሴት አይደለችም። ሐኪም ቤት ስትሄድ እንኳ እዚያ የምታወልቀውን ልብስ ተኩሳ ነው የምትሄደው። እንዲህ ያለ ጉድ ይዤ ቢሮ አልገባም ብላ ሐሩን ሦስት ጊዜ በሳሙና አሸችው፣ በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈችው፣ ሲደርቅ ተኮሰችው። ካርቶኑን ደግሞ ቆንጥር ሩቅ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ወስዳ እንድትጥል አዘዘች። ቆንጥር በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ሽንት ቤቱ ጀርባ ወረወረችውና፣ ገንዳው ድረስ የሄደች ይመስል እያለከለከች ተመለሰች።

በአምስተኛው ቀን ፖስታ ቤት ሄዱ። ትምህርቷን ከስድስተኛ ብታቋርጥም ማመልከቻ የምትሞላው ቆንጥር ናት። ከቅጹ ጀርባ ጉንዳን በሚያካክል ፊደል፣ የተበላሸው ዕቃ ከነማሸጊያው፣ እንደደረሰ፣ ሳይነካ ይቅረብ ይላል። ቀና ብላ ሐሩን አየችው። እናት ጉልበት ላይ በጨዋ ደንብ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ተኮማትሯል፣ ግማሹ ቢጫ ሆኗል፣ ግን ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

የካሳ ክፍሉ ሰውዬ ክራቫት ላይ የእንቁላል አስኳል ደርቋል። በእስክሪብቶው ክዳን ጆሮውን ቆፈረ፣ የወጣለትን በጥሞና አየ፣ ጠረጴዛው ሥር ጠረገው፣ በዚያው ክዳን ሐሩን ገለጥ አደረገ።

«እናት፣ ይኼን ያበላሸው የእርስዎ ሙቅ ውሃ ነው።»

እናት አንገቷን ደፍታ ሽታው እንዴት እንደነበር አስረዳች። እሱም ሽታ መዝገብ ላይ እንደማይገባ፣ ማስረጃው ማሸጊያው እንደሆነ፣ ማሸጊያ ከሌለ ካሳ እንደሌለ ነግሯት ክዳኑን ወደ ሌላኛው ጆሮው መለሰ። ዓሣው እንኳ የሸተተው ከሞተ በኋላ ነው አለች ቆንጥር በልቧ። እናቷን እዚሁ ጠብቂኝ ብላ ወጣች።

ካርቶኑ ከጣለችው ቦታ አልተነቃነቀም። አምስት ቀን ፀሐይ መትቶታል። ታቹ ግን በዓሣው ውሃ እንደራሰ ላልቶ በጣት ስለማይያዝ ደረቷ ላይ አቀፈችው፤ ትሎቹ ወደ እጅጌዋ አቀኑ፣ ዝንቡ እያጀባት፣ መንገደኛው እየሸሸላት ቢሮው ደረሰች። ሰውዬው ጠረጴዛ ላይ፣ ፋይሎቹ አናት ላይ ዘፍ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ማሸጊያው ይኸው። እንደደረሰ፣ ሳይነካ።»

ካርቶኑ ጎን፣ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ካረፈበት ወረቀት ላይ ሦስተኛ ቅርፊት ተለጥፏል። ሰውዬው አፍንጫውን በዚያ ክራቫት ሸፍኖ ቶሎ እንድታወጣለት ለመናት። ቆንጥር ቅጹን ገልብጣ በጣቷ አሳየችው፤ ምርመራው ሳያልቅ ዕቃው ከቦታው አይነሳም ይላል፣ የራሳቸው ወረቀት ነው። ከኋላ የተሰለፈው ሕዝብ ወደ በሩ እየሸሸ፣ ፈርመህ ገላግለን እንጂ ሰውዬ፣ ይል ጀመር። ቡኒው ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ጠረጴዛው ላይ ወደተቀመጠው የቢሮ ማኅተም ሲጓዝ ሰውዬው እስክሪብቶውን አነሳ።

እናት ፊቷ ቀልቷል። የሰው ጠረጴዛ እንዲህ ሲሆን ቆማ ማየት አቃታት። ከቦርሳዋ ንጹሕ መሐረብ አውጥታ ጎንበስ ስትል፣ ቆንጥር እጇን አፈፍ አድርጋ ያዘቻት።

«እማዬ፣ እንዳትጠርጊ። ገና አልፈረመም።»