የሌለ ፍሬን

በመኪናችን የፊት ወንበር ላይ ሦስት ሰው ይቀመጣል፤ መሪው ጋ እናቴ፣ መስኮቱ ጋ አባቴ፣ መሀል ላይ እኔ። መሀል የተቀመጠ ሰው ከመንገድ ይልቅ እግር ያያል። በግራዬ የእናቴ ቀኝ እግር ከነዳጅ ወደ ፍሬን ሲሄድ፣ በቀኜ የአባቴ ቀኝ እግር ምንም በሌለበት ወለል ላይ ያንኑ ያደርጋል። እሷ ፍሬን ስትይዝ እሱም ይይዛል። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ቀድሟት ይይዛል።

አባቴ መስታወት ቆራጭ ነው። የቆረጠውን በዚችው መኪና ጭኖ ለደንበኛ ሲያደርስ ኖሯል። መኪናዋን አሮጊቷ ይላታል፤ እናቴ ካልሰማች የኔ እመቤትም ይላታል። ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ሲደረግ መንዳት ተከለከለ። እኔ በእጄ ያለውን ደህና አድርጌ አያለሁ፣ ከሩቅ የቆመው ግን አጎቴ ይሁን የመብራት ምሰሶ ስለማልለይ መንጃ ፈቃድ አይሰጡኝም። ስለዚህ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቷ እናቴ መንዳት ተማረች፣ ፈተናውንም በመጀመሪያው አለፈች። አባቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገረ። ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ በእሷ የኮራውን ያህል በመስታወት ሥራው እንኳ ኮርቶ አያውቅም።

ዝናቡ ሲመጣ አባቴ ወደ አንድ ባዶ መጋዘን ግቢ ወሰዳትና እርጥቡ ሲሚንቶ መሀል ካርቶን አቆመ። ይሄ አከራያችን ነው፣ እንዳትገጪው አላት። እናቴ ፍጥነት ጨመረች፣ ካርቶኑ ጋ ስትቃረብ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጠች። ጎማዎቹ ቀጥ አሉ። መኪናዋ ግን አልቆመችም፤ እንደ ሳሙና ተንሸራታ አከራዩን ይዛው ሄደች።

እናቴ እንደዚያ የተማረችው ከመንጃ ትምህርት ቤት ነበር። አደጋ ሲመጣ ረግጠሽ ያዢ፣ አትልቀቂ ተብላለች። አባቴ ለትምህርት ቤቱ መኪና ልክ ነው አለ። አዲሱ መኪና ጎማው ሊቆልፍ ሲል ራሱ ይለቃል፣ መልሶ ራሱ ይይዛል። አሮጊቷ ይህን የሚሠራላት መሣሪያ የላትም፣ ያላት የሹፌሯ እግር ብቻ ነው። ጎማ ከቆለፈ መሪ ብታዞሪም አትሰማሽም፤ መሽከርከር እስኪጀምር ላላ አድርጊላት፣ ከዚያ እንደገና ያዢ። ደግሞ ከሁሉም በፊት በዝናብ ቀስ በይ፣ ከፊትሽ ካለው ራቅ በይ።

ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው። ወደሚገጩት ነገር እየተንደረደሩ እግርን ከፍሬን ላይ ማንሳት ግን ለእናቴ እጅን እሳት ውስጥ እንደ መክተት ሆነባት። አከራዩን ደጋግማ ገደለችው። ሲብስባቸው ሁለቱም በእኔ በኩል ማውራት ጀመሩ።

«ለአባትሽ ንገሪው፣ እንደ ሕፃን አይቆጣኝ። እኔ ሕፃናቱን እንኳ አልቆጣም።»

«ለእናትሽ ንገሪያት፣ አልተቆጣሁም። ፈርቼ ነው።»

እናቴ ወርዳ ካርቶኑን ራሷ መልሳ አቆመች።

ፍርሃቱ ሁሉ የገባው እግሩ ውስጥ ነበር። ከየልምምዱ መልስ ጉልበቱ አብጦ ያድራል። ሐኪሙ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እየሠራ እንደሆነ ሲጠይቀው አባቴ ጣሪያውን አየ። ፍሬን እየያዘ ነው አልኩ እኔ። ሐኪሙ መጀመሪያ ሳቀ፤ ጉልበቱን ዳስሶ ሲያበቃ ግን ሳቁን ተወው። እንዲህ ከቀጠለ እግሩ እንደማይድን ነገረው።

በዚያው ሳምንት አንድ ብሎኬት አምራች መኪናዋን ልግዛት ብሎ መጣ። ጎማዎቹን በጫማው ጫፍ መታ መታ አድርጎ ቅዳሜ መልስ ፈለገ። አባቴ ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይቆርጥ ዋለ። ማታ እራት ላይ፣ ከጎኗ ቁጭ ብዬ እግሬን ማሳረፍ አልችልም፣ ሁለታችሁን ብቻ ልልክ ደግሞ ሆዴ አይችልም፣ ስለዚህ ትሸጥ አለ። መኪናዋ ከሄደች የመስታወት ሥራው አብሯት እንደሚሄድ ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

እናቴ አንድ ፀጉር ቤት ያዘዘው ትልቅ መስታወት እስኪደርስ ጠብቀኝ አለችው። በማግስቱ ጠዋት ከሥራ ቦታው ቁርጥራጭ ክምር ውስጥ አንድ ስስ መስታወት መርጣ፣ እሱ እግሩን በሚያሳርፍበት ወለል ላይ ጫፍና ጫፉን በሁለት እንጨቶች አስደግፋ አስቀመጠችው። ሥሩ ባዶ ነው፤ የተጫነው ይሰብረዋል።

«እኔን እያመጣጠንሽ ርገጪ ትለኝ የለ? አንተም እስቲ አመጣጥን።»

አባቴ የሥራ ቦት ጫማውን እንደ ሌባ ቀስ አድርጎ መስታወቱ ላይ አሳረፈ። ከግቢ ሳንወጣ ሰበረው። እናቴ ወርዳ ሌላ ሁለት አመጣች። ሁለተኛውን የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሰበረው። ሦስተኛውን ስታስቀምጥ፣ በዚህ አያያዝሽ ሱቁን ትጨርሺዋለሽ አላት። ሱቁን የሚጨርሰው እግርህ ነው አለችው።

ፀጉር ቤቱ ያለው ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። ዝናቡ ለቆ ነበር፣ አስፋልቱ ግን ያብለጨልጫል። መስታወቱ ከኋላችን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሯል። እናቴ ማርሽ ቀንሳ፣ ከፊታችን ካለው ታክሲ ርቃ፣ በቀስታ ትወርዳለች። አባቴ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጧል። ከእግሩ ሥር ያለው መስታወት እንደነበረ ነው።

ታክሲው ታጠፈ። ወዲያው ከቆሙት መኪኖች መሀል ፍራሽ የቆለለ የእጅ ጋሪ ወጣ። የሚገፋው ሰውዬ ከፍራሹ ጀርባ ስለነበር አላየንም። እናቴ ረገጠች። ጎማዎቹ ቆለፉ። ከመጋዘኑ ግቢ የማውቀው የመንሸራተት ዝምታ መጣ፤ መሪውን ወደ ግራ አዞረች፣ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ወደ ጋሪው ሄደች።

«ልቀቂ» አላት አባቴ።

አልጮኸም። ጠዋት ብርድ ልብሱን ስትጎትትበት በሚናገራት ድምፅ ነው ያላት፤ በእኔ በኩልም አላደረገውም። የእናቴ እግር ተነሳ። በዓይኔ አየሁት፣ ከፍሬኑ ላይ ተነሳ። መኪናዋ መሪውን ሰማችና ወደ ግራ ወጣች። ያዘች፣ ላላ አደረገች፣ ያዘች። ፍራሾቹ በአባቴ መስኮት በኩል ሊነኩን ደርሰው አለፉ። ከዚያ ቆምን። ሰውዬው የፍራሾቹን ላስቲክ አስተካክሎ መንገዱን ቀጠለ።

እናቴ መሪውን ሳትለቅ ግንባሯን እጇ ላይ ደፋች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያኔም አልለየሁም፣ አሁንም አልጠየቅኳትም። ቀና ስትል ወደ ቀኝ አየች፣ እኔም ዝቅ አልኩ። መስታወቱ ደህና ነበር። የአባቴ እግር ከመስታወቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ልቀቂ ሲላት እሱም ለቆ ነበር፤ ማውረዱን ረስቶታል።

«ለአባትሽ ንገሪው፣ እግሩን ያውርድ» አለች እናቴ።

«የት ላውርደው? መስታወት አለ እኮ።»

ጎንበስ ብዬ መስታወቱን አነሳሁለት። እግሩን ወለሉ ላይ ዘረጋና ራሱን ወንበሩ ላይ ጣል አደረገ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ ብሎኬት አምራቹ ነበር፣ ቅዳሜን መጠበቅ አልቻለም። አባቴ ትንሽ ካዳመጠው በኋላ፣ ወንድሜ እኔን አትጠይቀኝ፣ መኪናዋ ሹፌር አላት አለና ስልኩን በእኔ ፊት አሳልፎ ለእናቴ ሰጣት።

እናቴ አልተቀበለችውም። ሹፌር እየነዳ ስልክ አያወራም ብላ ማርሽ አስገባች።