ለማትሰማ ልጅ የተገጠመ ቤዝ

ንቢቱ ሙዚቃ የምትሰማው በጀርባዋ ነው። ጆሮዋ ከተወለደች ጀምሮ አይሰማም። ንቢቱ ያሏት በሕፃንነቷ እናቷ ደረት ላይ ተለጥፋ፣ እናትየው ባንጎራጎረች ቁጥር እሷም እንደ ንብ እምምም ስለምትል ነው። አሁን አድጋለች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ እናቷ ዳቦ የምታከፋፍልባት አሮጌ መኪና ውስጥ ትገባለች፣ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ትለጥፋለች፣ ከወንበሩ ኋላ ያለው ትልቅ ቤዝ ስፒከር መምታት ሲጀምር ዓይኗን ትጨፍናለች። ዘፈኖቹን እየለየች ስም አውጥታላቸዋለች፤ አንዱ "ደረጃ ወራጅ" ነው፣ አንዱ "የተናደደ ፈረስ"።

አንድ ቀን ስፒከሩ ተቀደደ። እናትየው ራሷ ብሎኑን ፈትታ አወጣችው። ማግኔቱ ላይ "4 ኦም" የሚል ተጽፏል። ድምፁን የሚያጎላው ሳጥን፣ አምፑ ላይም በደቃቅ ጽሑፍ፣ ከአራት ኦም በታች ስፒከር እንዳይገጠም የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ሁለቱንም በስልኳ ፎቶ አነሳችና የባሏ ታላቅ ወንድም የመኪና ዕቃ መሸጫ ሱቅ ሄደች።

ይህን ሰው ትዳር ከያዘች ጀምሮ "ጋሼ" ነው የምትለው፤ በ"እርስዎ" ነው የምታናግረው። ልብስ ሰፊውን ባሏን አባት ሆኖ ያሳደገው እሱ ነው። በቤታቸው የጋሼ ቃል አይታጠፍም።

"ጋሼ፣ ባለ አራት ኦም ነው የሚፈልገው። ይኸው፣ ተጽፏል።"

"ስልክሽን ወደዚያ አድርጊው እቴ። እኔ ስፒከር ስገጥም አንቺ ጡጦ ትጠቢ ነበር" አለና ሳቀ። እሷም ለወጉ ሳቀች። የመኪናዋን ቁልፍ ተቀበላት።

ማታ መኪናዋ ስትመለስ ቤዙ ጉድ ነው! የጎን መስታወቱ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ንቢቱ በሳቅ ፈነዳች። በማግስቱ ግን ጥቂት መንገድ እንደሄዱ ምቱ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ተነሳ፣ እንደገና ቀጥ አለ። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ እናቷን ነካች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ታች ጣለችው። በምልክት "ደክሞታል" ማለቷ ነው። "ታሟል።"

እናትየው ደወለች።

"ጋሼ፣ እየጠፋ ይመጣል። ሳጥኑ ሲነኩት ይፋጃል።"

"አዲስ ስለሆነ ነው፤ እስኪለማመድ ነው። አትጨናነቂ።"

አልተጨናነቀችም። ጋሼ ብለዋል፣ አበቃ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከኋላ ዳቦ እንደሞላ፣ ንቢቱ የሸሚዟን አንገት ወደ አፍንጫዋ ሳበችና የእናቷን ክንድ ጨመደደችው። አምፑ ካለበት ከወንበሩ ሥር ጭስ እየወጣ ነበር። እናትየው መኪናውን ዳር አስይዛ ልጇን በጉልበት ጎትታ አወጣች፤ ኮፈኑን ከፍታ የባትሪውን ገመድ ነቀለች። አምፑን ለማውጣት ስትሞክር ጣቶቿ ተጠበሱ። ዳቦው በሙሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ከዚያ አንዱንም ለሰው አልሰጠችም።

ቤት ስትደርስ ስፒከሩን አውጥታ ገለበጠችው። ማግኔቱ ላይ፣ ጽሑፉ ባለበት ቦታ፣ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። በጥፍሯ ላጠችው። "2 ኦም"።

መጀመሪያ የተሰማት ንዴት እንኳ አልነበረም፤ ብርድ ነገር ነው። ንዴቱ ኋላ መጣ።

"ሸፍኖታል" አለችው ለባሏ። "እያወቀ! ኦም ማለት እኮ ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚገታበት አቅም ነው። መግቻው ሲያንስ አምፑ ከአቅሙ በላይ ይለቃል፣ ይግላል፣ ይነድዳል። እኔ ዛሬ ሰው ጠይቄ ነው ያወቅሁት። እሱ ግን ሥራው ነው!"

"ነገ እኔ ቀስ ብዬ አናግራቸዋለሁ" አለ ባልየው፣ መርፌውን ጨርቁ ላይ እየሰካ።

"ቀስ ተብሎ ነው ልጄ ልትቃጠል የነበረችው። ተነስ።"

ሦስቱም ሄዱ። ሱቁ ውስጥ ጥቂት ደንበኞች ነበሩ። ስፒከሩን ባንኮኒው ላይ ማግኔቱን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው።

"ጋሼ፣ ይሄ ስንት ኦም ነው?"

ሰውዬው አየት አድርጎ ጨርቅ አነሳና እጁን መጥረግ ጀመረ። "ባለ አራቱ አልቆብኝ ነበር። ደግሞ ሁለቱ ይሻላል፤ ጉልበት አለው። ልጅቷ ደስ አላላትም?"

"አምፑ ተቃጠለ። ልጄ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር።"

"አምፑ አሮጌ ነው።"

"ፕላስተሩስ? ለምን ሸፈኑት?"

"ኧረ አትጨቅጭቂኝ!" ወደ ደንበኞቹ ዞር ብሎ ፈገግ ለማለት ሞከረ። "የሚሰማ ሰው ቢሆን እኮ ባለ አራቱ እስኪመጣ እጠብቅ ነበር። ለማትሰማ ልጅ፣ የቤዙ ድብደባ ካለ ምን ያንሳታል?"

ንቢቱ ከአባቷ ጎን ቆማ አፉን እያየች ነበር። ፊቷ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

"አንተ!" አለች እናትየው።

ያቺ አንዲት ቃል የደንበኞቹን ራስ ሁሉ አዞረች። ባልየው ሳይቀር በጥፊ እንደተመታ ሰው ደነገጠ።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ያንሳታል ነው ያልከው? አምፑ እንደታመመ ከሁላችንም ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት! በጀርባዋ አውቃ ነገረችኝ። ጆሮ አለኝ የምለው እኔ ግን ያንተን ወሬ ሰምቼ ዝም አልኩ። ጭሱንም ያየችው እሷ ናት። አንተ ዓይንም ጆሮም ኖሮህ ያየኸው ነገር ቢኖር መደርደሪያህ ላይ የቀረውን ዕቃ ነው!"

"ተይ እንጂ፣ ሰው ፊት..." አለ ባልየው እጇን ይዞ።

እጇን መነጨቀችው። "አንተ ደግሞ ዝም በል! ሰው ፊት አይደል እንዴ እሱ የተናገረው?"

ንቢቱ መሐላቸው ገባች። እጆቿ ፈጥነው፣ ቆረጥ ቆረጥ እያሉ ተናገሩ። አጎትየው ግራ ገብቶት ወንድሙን አየ።

"ምን አለች?"

ባልየው ወደ ልጁ አየ። በዕድሜው ሙሉ ለዚህ ሰው ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም። እናትየው ልትተረጉምለት አፏን ከፈተች፤ እሱ ግን እጁን አንስቶ አስቆማት።

"'ከንፈርህን አነባለሁ' አለች ጋሼ።" ድምፁ ተሰበረ። "'ሁልጊዜም አነብ ነበር። ሌላ ጊዜ እኔን ስታማ ጀርባህን ስጠኝ' አለች።"

አንዱ ደንበኛ የያዘውን ዕቃ መልሶ አስቀምጦ ወጣ። ባልየው ስፒከሩን ወደ ወንድሙ ገፋ አደረገው። "ይሄን ይውሰዱት" አለና የልጁን እጅ ይዞ ቀድሞ ወጣ።

የተቃጠለው አምፕ አልዳነም። በሌላ ሰፈር ካለ ጥገና ቤት ያገለገለ ሌላ አገኙ፤ እሱም ከአራት በታች የማይወድ ነው። እናትየው ስፒከር ስትመርጥ ጠጋኙን መውጫ አሳጣችው። ሰውዬው በአንድ በኩል ባለ አራት ኦም፣ በሌላ በኩል እያንዳንዳቸው ሁለት ኦም የሆኑ ሁለት ጥቅል ሽቦ ያሉት ስፒከር አቀረበላት።

"ይሄኛው ተከታትሎ ሲታሰር አራት ይሆናል፤ ጎን ለጎን ሲታሰር ግን ወደ አንድ ይወርዳል" አላት።

"ማን ነው የሚያስረው?"

"እኔ።"

"እንግዲያስ የማይሳሳተውን ስጠኝ። ለካውም፤ ፊቴ።"

ጠጋኙ ባለ አራቱን በመለኪያው ነካው። ሦስት ከምናምን አለ።

"ሦስት! አንተም ልትሸውደኝ ነው?"

"ኧረ እመቤቴ፣ በዚህ መለኪያ ሁልጊዜ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚያሳየው። ይኸው ሌላም ልለካልሽ" አለና መደርደሪያው ላይ ያሉትን ባለ አራቶች እያወረደ ለካላት። ሁሉም ያው ናቸው። ያን ጊዜ ነው ትከሻዋ የወረደው። ንቢቱ መዳፏን ስፒከሩ ላይ አድርጋ አስመታችው፤ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ጠብቃ ራሷን ነቀነቀች።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ከሰዓት ጋሼ ካርቶን ታቅፎ በራቸው ላይ ቆመ። እናትየው ደጁን ይዛ አላስገባችውም። ንቢቱ ከጎኗ መጣች።

"ባለ አራት ኦም ነው፣ አዲስ" አለ፣ ልጅቷን አልፎ ለእናትየው። "ንገሪያት። በአፌ የመጣ ነገር ነው፣ አላሰብኩበትም በያት።"

"ራስህ ንገራት። ፊትህ ቆማለች።"

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ለካርቶኑ የሆነ ነገር አጉተመተመ። ልጅቷ ቀና ይል እንደሆነ ብላ ጠበቀች። ቀና አላለም። ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ውስጥ ገባች።

"ምን ላድርግ ታዲያ?" አለ።

"እሱን እኔን አትጠይቀኝ" አለችና በሩን ዘጋችው። ውስጥ ባልየው ልብስ እየተኮሰ ነበር። የወንድሙ ድምፅ ከደጅ ስሙን ሁለቴ ጠራ። ካውያውን ኮሌታው ላይ አንድ ጊዜ አሳለፈ፣ እንደገናም አሳለፈ፤ አልተነሳም።