የዳርካ ቀይ ከረጢት

የልጅ ልጄ ዳርካ ሳሎኑ ወለል ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ እግሮቿን ግድግዳው ላይ ሰቅላ፣ ዓይኗን ጨፍና አገኘኋት። ሆዷ ላይ ያ ቀይ የሙቅ ውኃ ከረጢት አለ። በእጄ የያዝኩትን የፒሮጊ ሊጥ፣ ድንች የምጠቀልልበትን፣ ከድንጋጤዬ የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ አላውቅም።

ሰው አይፍረድብኝ። ይህችን ልጅ ከመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ስንቴ አንስቻታለሁ። የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር እጥፍጥፍ ትል ነበር። ሐኪሞቹ «ሴት ሁሉ ያማታል» ሲሉን ከርመው፣ ዘግይተው ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው አሉ፤ የማህፀን ውስጡን ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀኗ ውጭ እየበቀለ ነው የሚያሰቃያት። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ሕመሙ ግን አለቀቃትም። ሥራዋን ተወች። ከርሊንግም፣ ያንን በበረዶ ላይ ድንጋይ የማንሸራተት ጨዋታ፣ ተወች፤ አንጀቴን የበላው እሱ ነው። በእኛ የካናዳ ሳስካችዋን መንደር ክረምቱ የሚያልፈው መጫወቻው በረዶ ቤት ውስጥ ነው። ዳርካ ድንጋዩን ይዛ፣ ጉልበቷን አጥፋ በበረዶው ላይ ስትንሸራተት ሰው ወሬውን አቋርጦ ያያት ነበር።

ካለፈው በጋ ጀምሮ ከተማ ወዳለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ትመላለሳለች።

«ሆድሽን ልታጠነክርልሽ ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«አይ ባባ» አለች፣ አያቴ ማለቷ ነው። «መልቀቅ ነው የምታስተምረኝ። ሕመሙን ስፈራ ዳሌዬ ውስጥ ያለው ጡንቻ እንደ ጡጫ ተጨብጦ ቀርቷል።»

«ትንፋሽ ለመማር ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ መንገድ የምትነጂው?»

«አንቺም መኪና ስትነጂ ትንፋሽሽን ይዘሽ ነው። ነይ አብረን እንማር።»

ሳቅኩባት። ግን እንቅልፏ ተመለሰ፤ የልብስ ቅርጫቱንም ራሷ ተሸክማ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። «ሕመሙ አልጠፋም ባባ፣ ኑሮዬ ግን ተመለሰልኝ» አለችኝ። የቡድኑ አለቃ ኖሪንም ለሴቶቹ ውድድር የድሮ ቦታዋን ሰጠቻት። «ብንሸነፍም ግድ የለኝም፤ አንዴ እንደ ድሮዬ ልንሸራተት» ትል ነበር ዳርካ።

እንግዲህ የውድድሩ ጠዋት ነው ወለሉ ላይ ያየኋት። ቆማ ስትንጠራራ አይቻት አውቃለሁ፤ እንዲህ ተኝታ ግን አላየኋትም። በሕመሟ ጊዜ የምታቅፈው ከረጢትም ከቁም ሳጥን ከወጣ ብዙ ጊዜው ነበር። አልጠየቅኋትም። ኮቴዬን አጥፍቼ ወጥ ቤት ገባሁና ኖሪን ጋ ደወልኩ።

«ዳርካን አሟታል። ሌላ ሰው ፈልጊ።»

«እሷ ናት ያለችው?»

«ወለሉ ላይ ተዘርራለች እኮ።»

«ውይ። አይዞዎት ባባ፣ የእህቴን ልጅ አስገባለሁ።»

በእኛ ውድድር የመጀመሪያውን ጨዋታ የጀመረ እስከ መጨረሻው እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰው አይቀየርም።

ትንሽ ቆይታ ዳርካ ጸጉሯን አስራ፣ እያፏጨች ብቅ አለች። «ባባ፣ ጓንቴን አይተሻል?»

«ተሻለሽ?»

«ምኑ?»

«ወለሉ ላይ ነበርሽ… ከረጢቱም…»

«ልምምዴ ነዋ። ሙቀቱ ጡንቻውን ያላላልኛል።»

የሠራሁትን ነገርኳት። ስልኩን አየች፣ እኔን አየች። «አንድ ቃል ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

ኖሪን ስልኳን ስላላነሳች በመኪና ከነፍን፤ ስንደርስ ግን ጨዋታው ተጀምሮ የኖሪን የእህት ልጅ ድንጋዩን እያንሸራተተች ነበር። ከተመልካቹ ክፍል መስታወት ወዲያ ማዶ ኖሪን ዳርካን ስታይ ጭንቅላቷን ያዘች። ዳርካ እጇን አወዛወዘችላት፤ ተጫወቱ ማለቷ ነው። አጠገቤ ተቀምጣ እስኪያልቅ አየች። ልጅቷ በተንሸራተተች ቁጥር የዳርካ ጉልበት አብሮ እጥፍ ይል ነበር።

እንደ ልማዱ አሸናፊዎቹ ለተሸናፊዎቹ መጠጥ ሊገዙ አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። ኖሪን ወንበር ሳበችላት። «ነይ እንጂ፣ የኛ ነሽ።»

«አልተጫወትኩም እኮ» አለችና መኪናውን ልታሞቅ ወጣች።

ኖሪን ለከርሞ ቦታዋን እንደምትይዝላት ነግራኛለች። እስከ ከርሞ ሰውነቷ ይፍቀድላት አይፍቀድላት ግን ማን ያውቃል።

ዳርካ አላኮረፈችኝም፤ ጠዋት ጠዋት ሻዬን ታፈላልኛለች። ልምምዱን ግን አሁን ክፍሏ ገብታ፣ በሩን ዘግታ ነው የምትሠራው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ላንኳኳ እጄን አነሳና እመልሰዋለሁ።