ስለ ነጠላ ጫማው የወጣ መግለጫ

«መግለጫ ቁጥር 214። ለሚመለከተው ሁሉ! ትናንት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የግራ እግር ነጠላ ጫማችን ከሦስተኛ ፎቅ ተነሥቶ፣ በገዛ ፈቃዱ፣ እስከ ምድር ቤት ወርዷል። ባለቤቱም አብሮት ወርዷል የሚለው አሉባልታ ፍጹም መሠረተ ቢስ መሆኑን እናረጋግጣለን።»

የኔነሽ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እስከ መጨረሻው አነበበችና አንኳኳች። ከውስጥ የከዘራ ድምፅ ተነሣ። ባለፈው ሳምንት ጋሼ ዘርይሁን ካልጋቸው በሩ ድረስ በዐሥራ አንድ ርምጃ ደርሰው ነበር፤ ዛሬ ሃያ ሦስት ቆጠረች።

«ግንባርዎ ላይ ያለው እብጠትስ? እሱም የነጠላ ጫማው ነው?»

«የጠላት ፕሮፓጋንዳ ነው። ግቢ።»

የኔነሽ ድሮ ነርስ ነበረች። አሁን በካርቱም ከባሕሪ ሰፈር እስከ ማዮ ሰፈር የተበተኑ ዐሥራ አራት አረጋውያን አሏት። ሐኪም ቤት ታስቀጥራለች፤ አንዱ መድኃኒት ከሌላው እንዳይጣላ ታያለች፤ አስታማሚ ትመርጣለች፤ ባሕር ማዶ ላሉ ልጆች ደግሞ አባቶቻቸው የሚደብቁትን በስልክ ትነግራለች። ካርዷ ላይ «የአረጋውያን እንክብካቤ አስተባባሪ» ይላል። ሽማግሌዎቹ «ኮሚሳሯ» ይሏታል። አትከፋም፤ ኮሚሳር ሲሉት የኖሩትን ሰው እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል።

የዛሬው ጉዳይ ለእሷ ግልጽ ነበር። ሐኪሙ «ሦስተኛ ከወደቁ ዳሌያቸው አይጠገንም» ብሏል፤ የትናንቱ ሁለተኛው ነው። ባሕሪ፣ ደረጃ በሌለው ግቢ፣ አንዲት ክፍል ተገኝታለች፤ የግቢው ባለቤት የሚጠብቀው እስከ ዛሬ ማታ ነው። እንቅፋቱ ጎረቤቱ ነው። በጎን ባለችው ክፍል የሚኖሩት ጋሼ ሀብተሚካኤል ናቸው።

ሁለቱ በመተማ በኩል አንድ ኮዳ ውሃ ተካፍለው ድንበር የተሻገሩ ጓዶች ነበሩ። ካርቱም ሲደርሱ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴያቸው አራት ለሦስት ተከፈለ፤ አንዱ ከአራቱ፣ ሌላው ከሦስቱ ጋር ሆኑ። ለምን እንደተከፈለ የኔነሽ ስድስት ጊዜ ተነግሯታል፤ ስድስቱንም ጊዜ አልገባትም። ከሰባቱ ዛሬ በሕይወት ያሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ በለቅሶ ድንኳን እንኳ አንዱ በዚህ ጥግ ሌላው በዚያ ጥግ እየተቀመጡ ኖሩ። የሀብተሚካኤል እግር ብረት ነው፤ አእምሯቸው ግን ጥሏቸው መሄድ ጀምሯል። የዘርይሁን ጭንቅላት ምላጭ ነው፤ እግራቸው ግን ከድቷል። በየኔነሽ ስሌት ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ጤነኛ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ይወጣቸዋል።

«እንዲገቡበት አላልኩም፤ አይተው እንዲፈርዱ ነው» አለች። «ደግሞ ጋሼ ሀብተሚካኤል እየረሱ ነው።»

«አውቆ ነው። ድሮም አውቆ ነው የሚረሳ!» ዘርይሁን ከደረት ኪሳቸው እጥፋቱ የተበጣጠሰ ወረቀት አወጡ። «ስሕተቱን አምኖ እዚህ ላይ ይፈርም። ከፈረመ እናያለን።»

አምጃድ የምትባለዋ ትንሽ ታክሲ ሾፌር ሂሻም እና የኔነሽ ሽማግሌውን ከነወንበራቸው ተሸክመው ደረጃውን ተያያዙት።

«ያላ፣ ያ ሐጅ! ያዝ አድርግ!» አለ ሂሻም።

«ሐጅ አይደለሁም፣ ተራማጅ ነኝ!» አሉ ጋሼ ዘርይሁን፣ እግራቸው ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ።

ኩብሪውን፣ የዓባይን ድልድይ፣ ተሻግረው ባሕሪ ሲደርሱ ጋሼ ሀብተሚካኤል ኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ አንዱን ባንዱ ቀዳዳ አዛንፈው ተቀምጠዋል። ካርቱም ተወልዳ ያደገችው አስታማሚያቸው ዘምዘም ሮጣ መጣች።

«ዛሬ ኩወይስ ነው፣ ደህና ነው፣ በልቷል። ግን ማታ እኔ ስሄድ በር ይከፍታል፣ ወደ ኩብሪው ይሄዳል። ትናንት ፖሊስ ነው ያመጣው፣ ወላሂ!»

ሀብተሚካኤል ቀና ብለው እንግዳውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ዘሩ! ስብሰባው አለቀ እንዴ?»

ዘርይሁን ወረቀቱን ዘረጉላቸው። ሀብተሚካኤል ገልብጠው ያዙትና በአክብሮት አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማ፣ የሆነ ጊዜ ተከፋፍለን ነበር አይደል? ማን ከማን እንደነበር ጠፋብኝ። ሰው እንዳልጠይቅ አፈርኩ። አንተ ከማን ጋር ነበርክ?»

ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ መግለጫዎች ቢያንስ ዘጠናው ለዚህ ጥያቄ የተጻፉ መልሶች ነበሩ።

ጋሼ ዘርይሁን ከዘራቸውን ዛፉ ላይ አስደግፈው ጎንበስ አሉ። የተዛነፈውን ቁልፍ ፈቱ፤ በየቀዳዳው እያስገቡ እስከ አንገት ድረስ ቆለፉት።

«ካንተ ጋር» አሉ።

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር!» ሀብተሚካኤል እፎይ አሉና በወረቀቱ ፊታቸውን ያራግቡ ጀመር።

«አልጋዬ በመስኮቱ በኩል ይሁን» አሉ ዘርይሁን ወደ የኔነሽ ሳይዞሩ። ከዘምዘም እጅ የግቢውን በር ቁልፍ ተቀብለው፣ ወረቀቱ በወጣበት የደረት ኪሳቸው ከተቱት።

የኔነሽ ለግቢው ባለቤት ደወለች፤ ክፍሏ ተያዘች። ከቦርሳዋ ቅጿን አወጣች። አንዲት መስመር ብቻ ቀረቻት፦ ሰውየው ለመዛወር የተስማሙበት ምክንያት።

«ጋሼ፣ ቅድም ‹ካንተ ጋር› ያሉት ለምንድን ነው? ይቺን መሙላት አለብኝ።»

«ጻፊ» አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። እስክሪብቶዋን አዘጋጀች። «ባለ መግለጫው በዚህ ጉዳይ ላይ መግለጫ አይሰጥም።»

«ለእኔ እንኳ?»

«አይሰጥም አልኩሽ።»