አሥር ሺህ ሰባት ችግኝ

ዘጠና ሰባትም እንቢ አለ፤ አሥራ ስድስት ተረፈ። ዓይናዲስ ከሁለት ጀምራ የሞከረቻቸውን ሃያ አምስት ቁጥሮች እንደገና በዓይኗ ወረደችባቸው። አንዳቸውም አሥር ሺህ ሰባትን ያለቀሪ አላካፈሉትም።

«ሪፖርቱን ፈርሚ እንጂ! ሰውየውም አሻራቸውን ያኑሩና መኪና እንዳያመልጣቸው» አሉ አለቃዋ ጋሽ ክንዱ።

ሰውየው አያ ቢሻው ናቸው፤ የችግኝ ተካዮቹ ተወካይ። ከዛሪማ ጎንደር ድረስ የመጡት ለዚህች አሻራ ነው።

«ጋሽ ክንዱ፣ ሪፖርቱ ልክ አይደለም።»

«ምኑ?»

«አሥር ሺህ ሰባት ችግኝ በእኩል ረድፍ፣ ትርፍ ሳይኖር ተተከለ ይላል። አሥር ሺህ ሰባት ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። እኩል የሚሆነው ሁሉም በአንድ መስመር ከተተከለ ብቻ ነው።»

አያ ቢሻው ሳቃቸው አመለጣቸው። «እንግዲያ መስመሩ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ደባርቅ ሊገባ ነዋ!»

የጋሽ ክንዱ ፊት ተለዋወጠ። ሰባቷን የጨመሯት ራሳቸው ነበሩ፤ ዜሮ የበዛበት ቁጥር ያስጠረጥራል ብለው።

«ደሞ ማን ቁጭ ብሎ ያካፍላል?»

«እኔ።»

ድምጿ ቀጭን ነበር። በሒሳብ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትታ ከተቀመጠች በኋላ ያገኘችው ይህን የኮንትራት ሥራ ነው። ውሉ በጥቅምት ያልቃል፤ የሚያድሱትም እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ክንዱ ወረቀቱን ሳቡና ሰባቱን ሰርዘው ስምንት አደረጉት። «ይኸው። አሁንስ ይካፈላል?»

«ሰባ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።» አፏ ቀደማት።

«አበቃ! ፈርሚ።»

ዓይናዲስ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አያ ቢሻው፣ ስንት ረድፍ ተከላችሁ?»

«ሃምሳ ሦስት። በየረድፉ ሃምሳ ዘጠኝ፤ በገመድ ለክተን፣ ሸጋ አርገን። ሌላው ችግኝ ምነው ቀረ ስንል ነገ ይመጣል አሉን። ነገም አልመጣ።» ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ። «ኋላ ቆጣሪ ሲመጣ፣ የጎደለውን ከብታችሁ በላው ልትሉን ነው?»

ባለፈው ዓመት የአንድ ሌላ ቀበሌ ሰዎች በዚሁ ሰበብ መቀጣታቸውን ሦስቱም ያውቃሉ።

«ዓይናዲስ» አሉ ጋሽ ክንዱ ዝግ ብለው፣ «ውልሽን አስቢ።»

«እያሰብኩት ነው።»

እርሳሷን አስቀምጣ እስክሪብቶ አነሳች። አሥር ሺህ ስምንትን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከጎኑ 53 × 59 = 3,127 ብላ ጻፈች።

«ይኼስ ይካፈላል?» አሉ አያ ቢሻው አንገታቸውን አስግገው።

«በሃምሳ ሦስትና በሃምሳ ዘጠኝ ይካፈላል፤ እናንተ እንደተከላችሁት። ሄዶ የሚቆጥር ያገኘዋል።»

ሁልጊዜ የምትፈርመው በሁለት ፊደል ነበር። ዛሬ ግን ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጻፈችና የቀለሙን ሳጥን ከፍታ ወደ አያ ቢሻው አውራ ጣት ገፋችው።