በሩ ተዘግቶ የሚረጭ ቀለም

ዘውደነሽ መቱ ውስጥ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ቀለምና ቫርኒሽ ስትረጭ ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ናት። ሥራው በር ተዘግቶ ነው። ከተከፈተ የመንገዱ አቧራ እርጥቡ ቫርኒሽ ላይ ይለጠፍና ዕቃው ሽፍታ የወጣበት ፊት ይመስላል። ስለዚህ መስኮቱም በማዳበሪያ ከረጢት ይደፈናል፤ የቲነሩ ሽታም እዚያው ይታፈናል። ባለቤቱ ጋሼ አብዱልመሊክ ክፉ ሰው አይደሉም። መርዙን ያጥባል ብለው በየቀኑ ወተት ይገዙላታል። ወተት ግን የሚገባው ሆድ ነው፤ ዓይን ድረስ ማን ያደርሰዋል?

መጀመሪያ ዓይኗን አቃጠላት፣ ቀጥሎ ጭጋግ ጣለባት። ቀለም እንደሚምታታባት ያወቀችው ግን የያዮዋ ወይዘሮ ዘህራ ለልጃቸው ሰርግ ያሠሩትን ቁም ሳጥን ሊወስዱ የመጡ ዕለት ነው። ሴትዮዋ ዕቃውን አይተው ሳቅ አፈናቸው።

«ዘውዴ፣ አንዱ በር ቡና፣ አንዱ በር ጉበት። ልጄን ለሁለት ባል ነው እንዴ የምድራት?»

ዘውደነሽ ቀረብ ብላ አየች፣ ራቅ ብላ አየች። ለእሷ ሁለቱም አንድ ነበሩ።

የዓይን ሐኪሙ ከሽታው ካልራቀች የቀረውም ብርሃን እንደሚሄድ፣ የሄደው መመለሱም እንደሚያጠራጥር ነገራት። እሷም ለጋሼ በሩ ተከፍቶ ይሠራ፣ ጭንብልም ይገዛ ብላ ለመነች። እሳቸው ጭንብሉን ለወሩ መጨረሻ ቀጠሩት፤ የበሩን ነገር ግን ሊሰሙት አልፈለጉም። በበነጋው እሷን ብርጭቆ ወረቀት አስይዘው ወደ ማለስለስ አዛወሯትና መርጫውን ለአናጢው ለደቅሲሳ ሰጡት። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አላት። እሷ ግን አንጀቷ አረረ። ያለቀ ዓይን ወጣ፣ ያላለቀ ዓይን ገባ፤ በሩ ያው እንደተዘጋ።

ደቅሲሳ ቀለሙን በጥብጦ በሩን ሊዘጋ ሲመጣ፣ በርጩማዋን ደፉ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች።

«እትዬ ዘውዴ፣ ይነሱ እንጂ። ቀለሙ ሊደርቅ ነው፤ ማል ጎና? ምን እናድርግ?»

«ይድረቅ። ያንተ ዓይን ከሚደርቅ።»

ጋሼ መጡ። አባበሏት፣ ከዚያ ከሥራ አባርርሻለሁ አሉ፤ በመጨረሻም ያወጣሁሽ ላንቺው ብዬ አልነበረም ወይ ብለው ተቀየሟት።

«እኔን አውጥተው እሱን ከተቱት፤ ይሄ ምኑ ነው ለእኔ?» አለቻቸው።

ቡና የጫነ አይሱዙ አለፈ፤ አቧራው በራሷ ላይ ተሻግሮ ቤቱን ሞላው። ጋሼ ትኩር ብለው አዩዋትና ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መቼም ሽንቷ ሲመጣ መነሳቷ አይቀርም ብለው ነው። ዘውደነሽም አመላቸውን ስለምታውቅ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሰችም።