ነኢማ ቤት የተሰጠ ነጥብ

በ1991 ዓ.ም. ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ጌም የሚወድ ሆኖ ነኢማን የማያውቅ አልነበረም። ከወንድሟ ከሙዘሚል ጋር የከፈተችው ጌም ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ፕሌይስቴሽን፣ ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥባቸው አግዳሚ ወንበሮች። ሙዘሚል ቀኑን ሙሉ ልብስ ሱቁ ስለሚውል ቤቱን የምትመራው እሷ ነበረች።

ከበሩ ትይዩ ያለውን ግድግዳ ጥቁር ቀለም ቀብታ ሰሌዳ አድርጋዋለች። ተጫዋች ሲነሳ ለተጫወተው ጌም ከአሥር ነጥብ ይሰጣል፤ እሷ አማካዩን አውጥታ በጠመኔ ትጽፋለች። አዲስ እንግዳ መጀመሪያ ሰሌዳውን ያነባል፣ ከዚያ ነው ጆይስቲክ የሚይዘው። በዚህ ሰሌዳ የምትኮራው ኩራት ለብቻው ነበር። ሰፈር ውስጥ ሌላም ጌም ቤት አለ፤ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ግን የትም የለም።

ሲዲ የሚያመጣላት የሙዘሚል እኩያ የሆነ አብዱልናስር የሚባል ነጋዴ ነው፤ ኢምፔሪያል አካባቢ የጌም ሲዲ የሚሸጥበት ሱቅ አለው፤ ከገዢዎቹም ብዙዎቹ የነኢማን ሰሌዳ አይተው ነው የሚመጡት። አንድ ቀን አዲስ የመኪና ውድድር ይዞላት መጣና፣ "ይቺን ሞክሪያት፣ ጉድ ነች! ሰው ከወደዳት ብዙ አስመጣለሁ" ብሏት ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ጌሟ የሰሌዳውን አናት ያዘች። ዘጠኝ ከምናምን! የሚገርመው ግን አንድም ሰው ደግሞ ልጫወታት አይልም። ነጥቡን አይተው የሚቀመጡት ሁሉ ፊታቸውን አኮሳትረው ይነሳሉ። በመጨረሻ ሰብሊ፣ በዚያ ቤት ወንዱንም ሴቱንም የምታሸንፈው ተማሪ፣ ጆይስቲኩን ወርውራ ተነሳች።

"ኧረ ነኢማ! ይቺ ናት ዘጠኝ? ሦስተኛው ዙር ላይ እኮ ቀጥ ትላለች። ከእንግዲህ ይሄን ሰሌዳ ማን ያምነዋል?"

ነኢማን አንገበገባት። አሥር አሥር የሰጡትን ለማስታወስ ስትሞክር ፊታቸው አንድ በአንድ መጣላት። አብዱልናስር ሱቅ በር ላይ የሚቆሙት ጎረምሶች ናቸው። ይገባሉ፣ ትንሽ ይነካካሉ፣ "አሥር" ብለው ይወጣሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ከጎረምሶቹ አንዱ መጣ። አብዱልናስርም ከኋላው ገባ። ጎረምሳው ገና ሳይቀመጥ፣ "የመኪናዋን አሥር ብለሽ ጻፊልኝ" አላት።

"እጽፋለሁ" አለች ነኢማ፤ ጠመኔውን ግን አላነሳችም። "መጀመሪያ ሦስተኛውን ዙር ጨርስና አሳየን። ታስከፍለኛለች ብለህ አትስጋ፣ በነጻ ነው።"

ልጁ አብዱልናስርን ዞር ብሎ አየው፤ ከዚያ ግራ እንደተጋባ ተቀመጠ። ቤቱ ሙሉ ከጀርባው ተኮለኮለ። ሁለተኛውን ዙር እንደምንም አለፈ። ሦስተኛው ላይ መኪናዋ ድልድይ መሃል ደርቃ ቀረች። ሳቁ እስከ አስፋልት ተሰማ።

አብዱልናስር ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ? ሲዲ የማመጣልሽ እኔ አይደለሁ? ነገ ባላመጣልሽስ?"

"ሲዲ ሌላ ቦታ እገዛለሁ። ሰሌዳዬ አንዴ ውሸታም ከተባለ ግን ከየት እገዛዋለሁ?"

ጨርቅ በውኃ ነክራ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ጠረገችው። ልጆቹ ጮኹ። እሷ ወደ እነሱ ዞረች።

"ከዛሬ ጀምሮ ሳይጫወት ነጥብ የሚሰጥ የለም። የሚሰጥም ስሙን ከጎኑ ይጽፋል። ለምን ብሎ የጠየቀ ካለ ይመልስለት።"

ሰብሊ ጠመኔውን ተቀብላ ከመኪናዋ ጌም ጎን በትልቁ "ሦስት፣ ሰብሊ" ብላ ጻፈች። አብዱልናስር ቻው እንኳ ሳይል ወጣ። ማታ ነኢማ ነገሩን ስትነግረው ሙዘሚል፣ "ቢያኮርፍ ያኩርፍ! ደግ አደረግሽ" አላት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አብዱልናስር የቡጢ ጌም ይዞ መጣ። በሩ ላይ ትንሽ ካመነታ በኋላ፣ "ስሜን ብጽፍ ይቻላል?" አለ።

"ከተጫወትክ ማን ይከለክልሃል?"

ሰብሊ አጨዋወቱን አሳየችው። ላቡ እስኪንቆረቆር ታገለ፣ ተሸነፈ፣ ደግሞ ሞከረ። ሲነሳ "ስድስት፣ አብዱልናስር" ብሎ ጻፈ። ልጆቹ "ኧረ ሰባት ይገባታል!" ብለው ተንጫጩበት።

"ሻጩ እኔ፣ እናንተ ምን ቤት ናችሁ? ስድስት ናት!" አለ። ነኢማ ሳቋን መያዝ አቃታት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ከኢምፔሪያል ታክሲ ተሳፍራ ስትመለስ ከፊቷ የተቀመጡ ሁለት የማታውቃቸው ወጣቶች ስለ አንድ ሲዲ ሲከራከሩ ሰማች።

"እንግዛት እንዴ? ነኢማ ቤት ስምንት ነው ያገኘችው።"

"ነኢማ ቤት ከሆነማ በቃ! እዚያ ዝም ብሎ ቁጥር አይጠራም፣ ስምህን ነው የምታስይዘው።"

ነኢማ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ፈገግታዋን ለመደበቅ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ ነኝ ማለት አማራት፣ ግን አላለችም። ሰፈሯ ስትደርስ "ወራጅ አለ!" ያለችበት ድምፅ ረዳቱን አስደነገጠው። ወርዳ አንገቷን ቀና አድርጋ ቤቷን ልትከፍት ሄደች።